ከ625 መስመር እስከ 4ኬ
የቴሌቪዥን ምስል ታሪክና የኮልፌ ሳሎን

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትልቁና ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ወደየቤታችን ሲገባ አብሮት የገባውን አንድ ጥያቄ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ጥያቄው በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጣና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከጦር ኃይሎች እስከ ቤቴል ባሉት ቤቶች ዘወትር ይሰማል፤ ይኸውም «ያን ያህል ገንዘብ አውጥተን ይህን የሚያህል ቴሌቪዥን ገዛን፤ ታዲያ ምስሉ ከድሮው ከትንሹ ለምን ባሰ?» የሚል ነው። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ዕቃውን የገዙት በዕቁብ ዕጣ ስለሆነ ነገሩ በቀላል የሚታይ አይደለም። ገዢው ሻጩን ይወቅሳል፤ ሻጩ ሪሲቨሩን ይወቅሳል፤ ዲሽ የሚያስተካክለው ሰው ደግሞ በጣቢያው ያሳብባል። እኛ እንደምናምነው መልሱ የሚገኘው ከቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ነው። የሚላከው ምስል፣ የሚቀበለው መስኮትና የተመልካቹ ርቀት ሦስቱም እርስ በርሳቸው የተመጣጠኑበት ዘመን ነበረ፤ በኋላ ግን መስኮቱ ብቻውን ሮጦ ሁለቱን ጥሏቸው ሄደ።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ሬዞሉሽን የሚባለውን ነገር ነጋዴውም ገዢውም «ጥራት» ይለዋል። ጥራት ግን ሰፊ ቃል ነው፤ የቀለሙን ድምቀት፣ የጥቁሩን ጥልቀት፣ የብርሃኑን ብዛት ሁሉ ያጠቃልላል። ሬዞሉሽን የሚለካው ከነዚህ ውስጥ አንዱንም አይደለም፤ ምስሉ ፒክስል በሚባሉ ነቁጦች ስንት ቦታ ተከፋፍሎ እንደ ተሠራ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የነቁጥ ብዛት» እያልን እንጠራዋለን። ነገሩ ከሰፌድ ስፌት ጋር ይመሳሰላል። አክርማው በቀጠነ መጠን ጥለቱ ይረቃል፤ ሆኖም ሰፌዱ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ቀጭኑም ወፍራሙም አንድ ይሆኑበታል።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀኑ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 34ኛ ዓመት ነበር። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበረ፤ በሥራውም የረዳው ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ መስመሩም 625 ሆነ።

ስለ ምን 625? ይህ ቁጥር የብዙ ክርክር ውጤት ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1936 በ405 መስመር ጀመሩ፤ አሜሪካውያን በ1941 525ን መረጡ፤ ፈረንሳዮች ከጦርነቱ በኋላ እስከ 819 ወጡ፤ አብዛኛው የአውሮፓ አገር ግን በ625 ተስማማ። አስቀድሞ የጀመረ ሁሉ በጀመረበት ቁጥር ታስሮ ቀረ፤ የድሮው ዕቃ በየቤቱ አለና በአንድ ቀን መለወጥ አይቻልም። እንግሊዞች ራሳቸው 625 መስመርን ለሕዝባቸው ያደረሱት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1964 በተከፈተው የቢ.ቢ.ሲ. ሁለተኛ ጣቢያ ነው፤ ይህም ከእኛ ጣቢያ መከፈት ሰባት ወር እንኳ አይቀድምም። ዘግይቶ መድረስ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ በረከት አለው። ከ625ቱ መስመሮች ምስል የሚሸከሙት 576 ያህል ሲሆኑ፣ የቀሩት የኤሌክትሮኑ ጨረር ከታች ወደ ላይ በሚመለስበት ጊዜ የሚያልፉ ናቸው። ይህን 576 የሚለውን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ ይመለሳልና።

ለታሪክ ተማሪ የሚያስደንቀው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተወለደበት ዓመት የ625 መስመር ዘመን ማብቂያ የተዘራበትም ዓመት መሆኑ ነው። አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን ያሸነፈው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ ማለት የራሳችን ቴሌቪዥን ሊከፈት 12 ቀን ሲቀረው። ያንን ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን ያስተላለፈው ኤን.ኤች.ኬ. የተባለው የጃፓን ጣቢያ፣ በዓሉ እንዳለፈ መሐንዲሶቹን ሰብስቦ ለሚቀጥለው ዘመን የሚሆን ቴሌቪዥን እንዲያጠኑ አዘዘ። በኋላም ሥራውን የመራው ታካሺ ፉጂዮ ነው። እነዚህ ሰዎች ከመስመር ቁጥር አልተነሡም፤ የተነሡት ከሰው ዓይን ነው። ሰው ምስሉን ከስንት ርቀት ማየት ይወዳል? ዓይኑስ ከዚያ ርቀት ምን ያህል ረቂቅ ነገር ይለያል? ከዚህ ጥናት የወጣው 1,125 መስመር ያለው ሰፊ ምስል ነው፤ ዛሬ ኤችዲ የምንለው የዚያ ልጅ ነው።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና ሮበርት ዊልሰን የፕላዝማን ጠፍጣፋ መስኮት ፈለሰፉ። የፈለሰፉት ለፊልም ወይም ለእግር ኳስ አልነበረም፤ ፕላቶ ለተባለው የኮምፒዩተር ማስተማሪያ ነበር። ሦስተኛው ሰው ዊልሰን በዚያን ጊዜ ተማሪ እንደ ነበረ ለጓደኞቻችን ብናስታውስ ይቅር ይባልልን። በዚያው ዓመት በአር.ሲ.ኤ. ላቦራቶሪ ጆርጅ ሃይልማየር ፈሳሽ ክሪስታል በኤሌክትሪክ ኃይል ብርሃንን እንደሚቈጣጠር መመርመር ያዘ፤ ዛሬ በየሱቁ የምናየው ኤልሲዲ ከዚህ የምርምር መንገድ የመጣ ነው። እንግዲህ በማዘጋጃ ቤታችን ስቱዲዮ መብራት ሲበራ፣ ትልቁ ምስልና ጠፍጣፋው መስኮት በሁለት አገር ተፀንሰው ነበር።

ቀለም ወደ አገራችን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ከአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓልና ከኢሠፓ ምሥረታ ጋር ነው። ፓል የሚባለው የቀለም ሥርዐት ሲገባ ሁሉም «ጥራቱ ጨመረ» አለ፤ ነገር ግን መስመሩ ያው 625፣ ምስል የሚሸከመውም ያው 576 ነበር። አንዲትም መስመር አልተጨመረችም። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን የነበረው ቤተሰብ ያንኑ ሥርጭት በጥቁርና ነጭ መመልከቱን ቀጠለ። ከዚህ የምንረዳው የዓይን ደስታና የነቁጥ ብዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። በዚያው ዓመት በወሎና በትግራይ ረሃብ ነበረ። ሞሐመድ አሚን በኮረም ያነሣውን ምስል ቢ.ቢ.ሲ. ያሳየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ያ ዓለምን ያስለቀሰ ምስል በተመልካቾቹ ቤት የታየው በዚሁ በ576 መስመር ነበር፤ መስመሩ አነሰ ያለ ግን አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የካሴትና የዲስክ ዘመን ቶሎ እንለፈው፤ አንድ ነገር ብቻ እንናገር። ቪዲዮ ዴክ በየሰፈሩ ሲገባ የነቁጡ ብዛት ከሥርጭቱም አነሰ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ ፊልሞች የተሸጡበት ቪሲዲ ወደ ጎን 352፣ ወደ ታች 288 ነቁጥ ብቻ ነበረው። የብዙ ቤተሰብ ሠርግም በካሴትና በቪሲዲ ተቀርጾ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ማንም ቅር አላለውም፤ ምክንያቱም መስኮቱ ትንሽ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር የምንደርሰው እዚህ ላይ ነው። ጤናማ የሰው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ ስድሳኛ እጅ ሳያንስ ነው። ከዚህ ስሌት፣ እንዲሁም ከጃፓናውያኑ ጥናት፣ በቃል ለመያዝ የሚመች ልክ ይወጣል። 576 መስመር ያለውን ምስል ከምስሉ ቁመት ስድስት እጥፍ ርቀት ላይ ሆነን ብናየው መስመሮቹ ይጠፋሉ፤ 1,080 መስመር ላለው ኤችዲ ሦስት እጥፍ ይበቃል፤ 2,160 መስመር ላለው 4ኬ ደግሞ አንድ እጥፍ ተኩል። ከዚህ ከቀረብን ነቁጡን ማየት እንጀምራለን፤ ከዚህ ከራቅን የተጨመረው ነቁጥ ለዓይናችን ምንም አይጨምርም።

የድሮው 21 ኢንች ቴሌቪዥን ምስል ቁመቱ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ስድስት እጥፉ 1 ሜትር ከ92 ነው። ከቡፌው ፊት ለፊት ሁለት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው መስመሮቹን ሊያይ አይችልም ነበር፤ ምስሉም ጥርት ብሎ ይታየዋል። አሁን ያንኑ ሥርጭት በ55 ኢንች እናሳየው። ቁመቱ 68 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ ስድስት እጥፉ 4 ሜትር ከ11 ይመጣል። አራት በአራት የሆነ ክፍል ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ራሱ አራት ሜትር ነው! ስለዚህ ባለቤቱ የትም ቢቀመጥ የምስሉን ሻካራነት ያያል። ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም፤ ሻጩም በዚህ በኩል አላታለለም። ቀድሞም የነበረውን ጉድለት ትንሹ መስኮት ሸፍኖት ነበር፤ ትልቁ ገለጠው።

ስሌቱን በሌላ መንገድ ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። የድሮው ሥርጭት ወደ ዲጂታል ሲለወጥ 720 በ576፣ ማለት 414,720 ነቁጥ ይሆናል። ኤችዲ 1,920 በ1,080 ሲሆን ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል። 4ኬ የሚባለው 3,840 በ2,160 ሆኖ 8,294,400 ነቁጥ አለው። ይህ ከመጀመሪያው ልክ 20 እጥፍ ነው። እንግዲህ ኤስዲ የሚባለውን ተራ ሥርጭት በ4ኬ መስኮት ስንመለከት፣ ከ20 ነቁጥ ከጣቢያው የመጣው አንዱ ብቻ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ቴሌቪዥኑ ጎረቤቶቻቸውን አይቶ በግምት ይሞላቸዋል። የሠርጉ ቪሲዲ ከሆነማ ከ80 ነቁጥ አንዱ ብቻ እውነተኛ ነው። ሙሽራዋ ፊቷ በሰም የተቀባ የሚመስለው ስለዚህ ነው። ግምቱን ጥሩ አድርጎ የሚሠራና መጥፎ አድርጎ የሚሠራ ቴሌቪዥን መኖሩ እርግጥ ነው፤ ያልተቀረጸ ነገር ግን የትኛውም አይመልሰውም።

የሚላከው ምስል በአገራችን ተሻሽሎ ያየነው በሳተላይት በኩል ነው። በ2013 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 ሳተላይት፣ ኢትዮሳት ወደተባለው መድረክ ተሻገሩ። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ፣ ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስላሉ፣ በኮልፌ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብለው ይመለከቱ የነበሩ ዲሾች ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቀና አሉ። የዲሽ ባለሙያዎች ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲመላለሱ የከረሙበት ጊዜ ነበር። ከዚህ ሳተላይት የሚወርደው ሥርጭት ባብዛኛው ኤስዲና ኤችዲ ነው። 4ኬ የሚፈልግ ሰው ባብዛኛው ከኢንተርኔት ማምጣት አለበት፤ ለዚህም በሰከንድ 15 ሜጋ ቢት ያህል የማይቆራረጥ መስመር ያስፈልገዋል።

ከዚሁ ጋር ብዙ ቤት የሚረሳ አንድ ትንሽ ነገር አለ። አዲሱ ትልቅ ቴሌቪዥን ከሪሲቨሩ ጋር የሚገናኘው ከአሮጌው በተወረሰው ገመድ፣ ማለትም ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ራስ ባለው ኤቪ ገመድ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ምስሉን የምትሸከመው ቢጫዋ ብቻ ስትሆን፣ እርሷም ከ576 መስመር በላይ ማሳለፍ አትችልም። ጣቢያው ኤችዲ ቢልክ፣ ሪሲቨሩም ኤችዲ ቢቀበል፣ ቴሌቪዥኑም 4ኬ ቢሆን በቢጫዋ ገመድ በር ላይ ሁሉም ወደ 1957 ዓ.ም. መስመር ይመለሳል። ኤችዲኤምአይ ገመድ ይህን ይፈታዋል፤ ዋጋውም ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ገመዱ ከተለወጠ በኋላም በሪሲቨሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የሚወጣው ምስል 1080 መባሉን ማየት ይገባል፤ 576 ተብሎ የተተወ ብዙ ነውና።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንመለስ። አራት በአራት በሆነ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ቡፌ ላይ ቆሞ ሶፋው ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ቢጠጋ፣ ከተቀመጠው ሰው ዓይን እስከ መስኮቱ ከ2 ሜትር ከ80 እስከ 3 ሜትር ይሆናል። የ55 ኢንች ሦስት እጥፍ 2 ሜትር ከ5፣ የ65 ኢንች 2 ሜትር ከ43፣ የ75 ኢንች 2 ሜትር ከ80 ነው። ስለዚህ በዚህ ክፍል፣ ከሶፋው ላይ ሆኖ፣ እስከ 75 ኢንች ድረስ ኤችዲንና 4ኬን በነቁጥ ብዛት መለየት ለተራ ዓይን አስቸጋሪ ነው። ሦስት በሦስት በሆነች የኪራይ ክፍል ግን ርቀቱ ወደ 1 ሜትር ከ90 ይወርዳል፤ እዚያ 55 ኢንች የሰቀለ ሰው የ4ኬን ጥቅም በእውነት ያያል። ሰው ሁሉ የሚያስበው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው፤ 4ኬ የሰፊ ሳሎን ዕቃ ይመስለዋል። ምንጣፍ ላይ ተንጋለው በአንድ ሜትር የሚመለከቱ ሕፃናትም ከአባታቸው ይልቅ የተገዛውን ነቁጥ የሚጠቀሙበት እነርሱ ናቸው።

በየሰፈሩ የእግር ኳስ የሚታይባቸው ዲኤስቲቪ ቤቶች ሌላ ምሳሌ ይሆኑናል። በኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ከመስኮቱ ስድስት ሜትር ርቆ ለሚቀመጠው ሰው፣ በ55 ኢንች ላይ 4ኬ ቀርቶ ኤችዲና ኤስዲም ሊለዩት አይችሉም። ለእርሱ የሚጠቅመው የነቁጥ መብዛት ሳይሆን የመስኮቱ መስፋት ነው። የቤቱ ባለቤት ያለውን ገንዘብ በ4ኬ ጽሑፍ ላይ ከሚያጠፋ ይልቅ በኢንች ላይ ቢያውለው ደንበኞቹ ኳሷን በተሻለ ያዩለታል። 8ኬ የሚባለው፣ 33 ሚሊዮን ነቁጥ ያለው፣ ለኮልፌ ቤቶች የሚሰጠውን ጥቅም በዚሁ ልክ ራሱ አንባቢ ሊያሰላው ይችላል።

ይህ ሁሉ ማለት 4ኬ አይገዛ ማለት አይደለም። ዛሬ ከ55 ኢንች በላይ የሚሠሩት ቴሌቪዥኖች በብዛት 4ኬ ስለሆኑ፣ ገዢው ቢፈልግም ባይፈልግም ይገጥመዋል፤ ብዙ ጊዜም ቀለማቸውና ብርሃናቸው የተሻለ ነው። እኛ የምንለው፣ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ቆመው በነቁጥ ብዛት ብቻ የዋጋ ልዩነት ሲጠየቅ፣ ገዢው አስቀድሞ የሳሎኑን ርቀት በሜትር ለክቶ መምጣት አለበት ነው። በሱቅ ውስጥ ሰው ከመስኮቱ በክንድ ርቀት ይቆማል፤ እዚያ ላይ 4ኬ ሁልጊዜ ያሸንፋል። የሚታየውም ምስል ለሱቅ ተብሎ የተቀረጸ፣ አበባና ፏፏቴ የሞላበት እንጂ የምሽቱ ዜና አይደለም። ስለዚህ በፍላሽ ዲስክ ከቤት የሚታየውን ዐይነት ፊልም ይዞ ሄዶ፣ ከሳሎኑ ርቀት ላይ ቆሞ እንዲያሳዩት መጠየቅ ነውር የለበትም።

በመጨረሻም ስለ ጽሑፉ። በካርቶን ላይ «ኤችዲ» ተብሎ የተጻፈባቸው 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ብዙውን ጊዜ 1,366 በ768 ነቁጥ ያላቸው ናቸው፤ ሙሉ ኤችዲ የሚባለው 1,920 በ1,080 ያለው ነው። ከዚህ የከፋው «4ኬ ሰፖርት» የሚለው ነው። ይህ ማለት ዕቃው 4ኬ የሆነ ምስል ቢላክለት ይቀበላል ማለት እንጂ መስኮቱ 4ኬ ነው ማለት አይደለም፤ ተቀብሎ አሳንሶ ያሳየዋል። በማስተካከያው ገጽ ላይ የሚወጣው ቁጥርም የሚገባውን ምስል ሊናገር ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም። የማይዋሸው መቁጠር ነው። ቴሌቪዥኑ ነጭ ምስል ሲያሳይ አንድ ማስመሪያ በመስኮቱ ላይ ተይዞ በስልክ ካሜራ በጣም ቀርቦ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ ፎቶው ተጎልቶ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉት ነቁጦች ይቈጠራሉ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስቱ በአንድነት አንድ ነቁጥ ናቸው። በ55 ኢንች ላይ 16 ያህል ከመጡ ዕቃው ኤችዲ ነው፤ 32 ያህል ከመጡ እውነተኛ 4ኬ። በ43 ኢንች ላይ ቁጥሮቹ 20ና 40 ናቸው። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩ ማስመሪያው መስታወቱን እንዳይጭር ቢሠጋ ደግሞ ከወረቀት የተሠራ ሜትር ይበቃል።